ሁለተኛ የማይባል ልቅሶ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያሳፍረኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ከሰፈሬ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ስለዚህ የማበላሸው ነገር ቢኖር ይቅር በሉኝ።

እትዬ አስካለ ያረፉት ከፋሲካ በኋላ ነው። ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ቦኖ ጋ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር በእኛ ሰፈር ሰው መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ይላል፤ ቀጥሎ «ለእትዬ አስካለ ተነገራቸው?» ይላል። ያን ቀንም አንዷ ጎረቤቴ ጄሪካኗን እንደያዘች «እትዬ አስካለ ሰምተው ይሆን?» አለች። ጥሩምባ ነፊው ቆም ብሎ አያት።

«እሳቸው ናቸው እኮ» አላት።

እትዬ አስካለ አስለቃሽ ነበሩ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ መሃል ቆመው ስለ ሟቹ በዜማ ግጥም ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ይቀበሏቸዋል። አሁን አሁን ቃሊቲ ውስጥ ይህ ነገር እየቀረ ነው። ካህናቱ አይወዱትም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገቡት ደግሞ ስፒከር ተከራይተው መዝሙር ይከፍታሉ። ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ ያለችው የእኛ መንደር ግን ያለ እትዬ አስካለ ሰው ቀብራ አታውቅም።

አጭርና ቀጭን ነበሩ። በደህናው ጊዜ ክር ፋብሪካ ሠርተዋል፤ የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስላደከመው ሲያወሩ ይጮኻሉ። ሌላውም ሰው እንዲጮህላቸው ይፈልጋሉ። የእኔ ድምፅ ደግሞ አይወጣም። «ጽጌ! ለራስሽ ነው እንዴ የምታወሪው? ለእኔም አካፍይኝ እንጂ!» ይሉኛል። ይህን የሚሉት መንገድ ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ልቅሶ ላይ ብቻ ያዩአቸው ሰዎች ሁልጊዜ የሚያዝኑ ይመስላቸው ነበር። እንደ እሳቸው ቀልደኛ ግን አላየሁም።

ሥራቸውን የሚሠሩበት መንገድ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ጥሩምባ ሲነፋ ሌላው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ልቅሶው ቤት ሲሄድ እሳቸው በሌላ በኩል ይሄዳሉ። ሟቹ የሚሠራበት፣ ዕቃ የሚገዛበት፣ የሚቀመጥበት ቦታ እየዞሩ ይጠይቃሉ። «ምን ይወድ ነበር? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ሲሄድ እጁን እንዴት ያደርገዋል?» አንድ ሰው «ውይ፣ ደግ ነበር» ካላቸው ይቆጣሉ።

«ደግ ነበር አትበሉኝ! የሞተ ሁሉ ደግ ነው። ምን አደረገ?»

ያልተነገራቸውን አይጨምሩም። ለአንዱ ያወጡትን ለሌላው አይደግሙም። አንድ ጊዜ እናቷ የሞተችባት ሴት «ለወንድሜ ያሉትን ያንኑ ይበሉልኝ፤ በጣም ያምር ነበር» ስትላቸው «አንድ ሬሳ የተገነዘበትን ጨርቅ ፈትተሽ ለሌላ ታለብሻለሽ?» አሏት። አንዴ ካወጡት የቤተሰቡ ነው፤ ሁለተኛ አይባልም። ለዚህም ምንም አይቀበሉም። ያለቀሱበት ቤት ውሃ እንኳን አይጠጡም ነበር።

ደረጀ የሞተው የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። የጎረቤቴ ልጅ ነበር፤ እኔ የተከራየኋትን ክፍልና የእነሱን ቤት አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። መኪኖቹ የሚቆሙበት ሜዳ ዳር ካለው ጎሚስታ ቤት ጎማ ይጠግናል። አንድ ቀን ከባድ መኪና ሥር ገብቶ እያለ መኪናውን የተሸከመው ክሪክ ተንሸራተተ። እናቱ እትዬ ጥሩነሽ ሌላ ልጅ የላትም። ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ጠያቂዎች ከታክሲ የሚወርዱበት ቦታ ላይ ትንሽ ኪዮስክ አላት፤ እኔም ከጎኗ ሶፍትና ማስቲካ እሸጣለሁ። የዚያን ቀን ወሬውን ይዘው ሲመጡ አጠገቧ ነበርኩ። አልጮኸችም። ቁጭ እንዳለች ቀረች። ቀብር ላይም፣ ድንኳን ውስጥም አንድ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ «ይህች ሴት ልትሞትብን ነው» እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር።

እትዬ አስካለ እየዞሩ ሲጠይቁ ወደ እኔም መጡ።

«አንቺስ? ግድግዳ ነው የሚለያችሁ።»

«ያፏጫል» አልኩ።

«ምን?»

«ያፏጫል፤ ማታ ሲመጣ።»

ደረጀ በር አንኳኩቶ አያውቅም። ከመታጠፊያው ላይ ሆኖ ያፏጫል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ረጅሟ መጨረሻዋ ላይ ወደ ላይ ትወጣለች። እናቱ ያን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ትነሳለች፤ እሱ ሲደርስ በሩ ተከፍቷል። እኔ በግድግዳው በኩል ሁልጊዜ እሰማ ነበር። «እስቲ አፏጪልኝ» አሉኝ። ብሞክር አየር ብቻ ወጣ። በጣም ሳቁብኝ። ከዚያ ራሳቸው ሞከሩ። የጥርሳቸው ክፍተት እያስቸገራቸው፣ እኔ «አይደለም፣ መጨረሻዋ ከፍ ትላለች» እያልኳቸው፣ እስኪሆን ድረስ እቤቴ ተቀምጠው ተለማመዱ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ቆሙ። የደረጀን እናት አላዩአትም፤ ወደ በሩ ነበር የሚያዩት።

«በግራው ነበረ የሚይዘው መፍቻ፣
ቀኝ እጁን አስቀምጦ ለእናቱ ብቻ» አሉ።

እውነት ነው፤ ደረጀ ግራኝ ነበር። ቀኝ እጁን ግሪስ ላለማስነካት ይጠነቀቃል፤ ማታ እናቱን የሚያጎርሰው በእሱ ነው። ጣራቸው ላይ ርግቦች ያረባ ስለነበር ቀጥለው

«እርግቦቹ ሁሉ ጣራው ላይ ቆመዋል፣
ጥሬውን በኪሱ ይዞ ወዴት ሄዷል?» አሉ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው

«ማንኳኳት አታውቅም፣ ፉጨት ነበር ቁልፍህ፣
እናትህ ቆማለች በሯን ከፍታልህ» አሉና ዝም አሉ። አፏጩ።

በልቅሶ ድንኳን ውስጥ ያውም ሴት ስታፏጭ ማንም አይቶ አያውቅም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። የደረጀ እናት ብድግ አለች። ሰው መሃል ሰንጥቃ ሄዳ የግቢውን በር ከፈተችው። ውጭ ማንም የለም። መንገዱ ላይ ቆማ አየችና ያኔ ጮኸች። አለቀሰች። ሰው በድምፁ ብቻ ሌላ ሰው ከሞት ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከለቀስተኞቹ አንዱ ያን በስልኩ ቀርጾ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ማን እንደሆነ አላወቅንም።

ብዙም ሳይቆይ ኪዮስኮቹ ጋ ተቀምጠን እያለን አንድ ሚኒባስ ሙዚቃውን ከፍቶ መጣ። ረዳቱ «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» እያለ ይጣራል። ከበሮና ኦርጋን ያለው የጭፈራ ዘፈን ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ ሙዚቃው ይቆምና ፉጨት ይመጣል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

እትዬ ጥሩነሽ ብድግ አለች። አንድ ደንበኛ ውሃ ጠይቋት ነበር፤ ጠርሙሱን ጣለችው። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አየሩ ላይ መቀርቀሪያ ፈለገች። ሚኒባሱ ሄደ። ቁጭ አለች። ወዲያው ሌላ ሚኒባስ መጣ።

ዘፈኑ በጣም ተወደደ። በታክሲ፣ በሠርግ፣ በጁስ ቤት፣ በሰው ስልክ ጥሪ ሁሉ ላይ ገባ። ግጥሙም የእትዬ አስካለ ነው፤ «እናትህ» የሚለውን «ፍቅርህ» ብለው፣ «ለእናቱ» ያለውን «ለውዱ» ብለው ለወጡት፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። የደረጀ እናት ፉጨቱን በሰማች ቁጥር ትነሳለች። ታውቃለች እኮ፤ ልጇ እንደሞተ ታውቃለች። «እግሬ ነው የሚነሳው» አለችኝ አንድ ቀን። «እኔ አይደለሁም።» ከሳች። ማታ ማታ በጆሮዋ ጥጥ ትከት ጀመር። ኪዮስኩንም ልትዘጋው ነበር።

ለእትዬ አስካለ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ስነግራቸው አልጮኹም። በማግስቱ ነጠላቸውን ለበሱና «ተነሺ፣ ሕግ ወዳለበት እንሂድ» አሉኝ።

ፍርድ ቤቱ ጋ አቅም ለሌለው ሰው በነጻ የሚያማክሩ ጠበቆች አሉ። እኛን የተቀበለችን ማህሌት የምትባል ወጣት ናት። እትዬ አስካለ ታሪኩን እየጮኹ ሲነግሯት ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ማህሌት ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቀችና

«እማማ፣ ግጥሙንና ልቅሶውን ያወጡት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ። ግን የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። የጥሩነሽ።»

«ሸጠውላት ነው?»

«ኤዲያ! ልቅሶ ይሸጣል?»

«በጽሑፍ ሰጥተዋታል?»

«ልቅሶ በጽሑፍ ይሰጣል እንዴ ልጄ?»

ማህሌት ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሕጉ የሥራው ባለቤት የሚለው የሠራውን ሰው ነው። የትም ባይመዘገብም መብት አለው፤ ሥራው አዲስ ከሆነና ተቀርጾ ወይም ተጽፎ ከተገኘ ይበቃል። ያ ክፉ ቪዲዮ አሁን ይጠቅመናል ማለት ነው። መብቱን ለሌላ ያስተላለፈ እንደሆነ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በሕግ ፊት ልቅሶው እስካሁን የእትዬ አስካለ ነው፤ መክሰስ የሚችሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲቆም፣ የተባዛው እንዲወገድ፣ ካሳም እንዲከፈል መጠየቅ ይችላሉ።

«የደረጀ እናት ብትከስስ?» አሏት።

«አትችልም። እሷ አልሠራችውም። እርስዎ ፍርድ ቤት ቆመው፣ ምለው፣ የእኔ ነው ካላሉ ማንም ሊያስቆመው አይችልም።»

እትዬ አስካለ በጣም ተቸገሩ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እንዲያውም እኔ ነኝ «ወራጅ አለ» ያልኩት። ፍርድ ቤት ቆሞ መማል ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ሁሉ ድንኳን አንድም ልቅሶ «የእኔ ነው» ብለው አያውቁም። የሰጡትን ነገር መልሰው መውሰድ ነው የሆነባቸው።

ያን ቀን ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ የደረጀ እናት ጋ ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ጥሩነሽ» አሉ። «ያን ልቅሶ ለጥቂት ጊዜ መልሺልኝ። የእኔ ነው ልበልና ላስቁምልሽ።»

እሷም «ይውሰዱት» አለች። «ግን መልሰው ያምጡልኝ።»

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው፣ ዕቃ እንደተቀበለ ሰው፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ባዶ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ክሱ ከገባ በኋላ ዘፈኑን ያወጣው አሳታሚ በመኪና መንደራችን ድረስ መጣ። ደህና አለባበስ የለበሰ፣ ትሁት ሰው ነው። «እማማ፣ እኛ የሕዝብ ዜማ መስሎን ነው። አሁን ስምዎን እንጽፋለን። አገር ሁሉ ያውቅዎታል። ካሳም አለ፤ ከዚህ ቤት የሚያወጣዎ» አላቸው።

«አገር አውቆኝ ምን ሊያደርግልኝ? ዕድሬ ያውቀኛል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ዝም እንድትሉ።»

እሱ ሄዶ ሲያበቃ ማህሌት ካሳ መጠየቅ መብታቸው መሆኑን ደጋግማ ነገረቻቸው። «እማማ፣ ጉዳት ደርሷል፤ ሕጉ ይፈቅዳል፣ አያሳፍርም» አለች። እሳቸው ግን «ካሳ ከተቀበልኩ ሸጥኩት ማለት ነው። ገንዘቡን የያዝኩ ዕለት በምን አፌ ለጥሩነሽ መልሼ እሰጣታለሁ?» አሏት።

የቀጠሮው ቀን ሰፈሩ ግማሹ መጣ። እኔ ምስክር ነበርኩ። ምስክሮች ውጭ ጠብቁ ስለተባልን መጀመሪያ ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ማህሌት ናት። ዳኛዋ እትዬ አስካለን «እስቲ ልቅሶውን ይበሉት፣ እንስማው» ብለዋቸው ነበር።

«አልለውም።»

«ለምን?»

«ሁለተኛ አይባልም፣ ክብርት ዳኛ።»

የዚያኛው ወገን ጠበቃ ደስ ብሎት ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ የራሳቸው ከሆነ ለምን አይሉትም? ይህ ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ የሚለው ልቅሶ ነው። የማንም አይደለም» አለ። ማህሌት እንደነገረችኝ የደረጀ እናት ከኋላ ወንበር ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ማህሌት «አይበሉት እማማ» አለች። «እያንዳንዱን ነገር ማን እንደነገረዎት ብቻ ይንገሩን።»

እሳቸውም ተናገሩ። ግራ እጁን የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተካ እንደነገራቸው፣ ርግቦቹን የታችኛው ቤት ሴትዮ እንዳወሩላቸው፣ ፉጨቱን ደግሞ ከግድግዳው ባሻገር የምትኖር አንዲት ልጅ። እኛም አንድ በአንድ ተጠራን። ጋሽ ተካ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ሴትዮዋ ገባች። ከዚያ የእኔን ስም ጠሩ።

ማልኩ። ዳኛዋ «ስለ ፉጨቱ ለከሳሿ የነገረቻቸው ማን ናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አልተሰማም።»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ ጸሐፊዋ እንድትሰማሽ ተናገሪ።»

የእትዬ አስካለን ዓይን አየሁ። አልተቆጡኝም፤ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። «እኔ ነኝ!» አልኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ከዚያ ግን ሁሉንም ተናገርኩ፤ መታጠፊያውን፣ ግድግዳውን፣ የበሩን መቀርቀሪያ። ስጨርስ እዚያው ቁጭ በይ ተባልኩ።

ቀጥሎ ዘፋኙ ተጠየቀ። ፊቱ የልጅ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ አይበልጥም። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ የፍቅር ዘፈን ነው አይደል?» አሉት።

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«በፍቅር ዘፈን ውስጥ መፍቻ ምን ይሠራል?»

አሰበ። «የልብ መፍቻ... መስሎኝ ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተካ ግን አልሳቀም። «የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ ነው፤ እኔ ጋ አለ» አለ ከተቀመጠበት፤ ዝም በል ተባለ። ዘፋኙ ያን ጊዜ ዞሮ አየን። አንድ በአንድ አየን። አንዲት ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ከኋላ መኖሯን ያየም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ለተጠየቀው ሁሉ «አላውቅም፣ የድሮ ነው ብለው ነው የሰጡኝ» ከማለት ሌላ አልተናገረም። በኋላ ኮሪደሩ ላይ እትዬ አስካለ ጋ መጥቶ «እናቴ፣ የሞተ ልጅ መሆኑን አላወቅኩም» አላቸው።

«ድምፅህ ጥሩ ነው» አሉት። «ግጥም ስትፈልግ ግን ሰው ጠይቅ።»

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዘፈኑ እንዲቆም፣ ከኢንተርኔትም እንዲወርድ፣ እጃቸው ላይ ያለው ቅጂ እንዲወገድ ታዘዘ። ግጥሙ የእትዬ አስካለ መሆኑም ተጻፈ። እኛ እልል አልን። እሳቸው ግን «ታክሲዎቹስ?» ብለው ማህሌትን ጠየቋት። ማህሌት አንገቷን ደፋች። በየሰዉ ስልክና በየመኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ ማን ይደርስበታል?

እትዬ አስካለ ደረሱበት። የፍርዱን ግልባጭ በፌስታል ጠቅልለው ታክሲ ተራ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

«እናት፣ ቱሉ ዲምቱ ነዎት? ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!» አላቸው አንዱ ረዳት።

«አይ ልጄ፣ ዘፈን ላስዘጋ ነው የመጣሁት።»

«ውይ! ትራፊክ አልበቃን ብሎ ደግሞ የዘፈን ፖሊስ መጣ!» ሌሎቹ ረዳቶች ሳቁ። አንዱ በፉጨት አጀባቸው፤ ያችኑ ፉጨት። እሳቸውም ሳቁ።

«አዎ፣ የዘፈን ፖሊስ ነኝ። ደሞዜ ግን አልወጣም።» ከዚያ ረዳቱን እጁን ያዙት። «ያቺን የምታፏጯትን ያመጣት ማን እንደሆነ ታውቃለህ? እዚያ ጎሚስታ ቤት የነበረ ግራኝ ልጅ ነው።»

«ደረጀ?» አለ ረዳቱ። ሳቁ ጠፋ። «የእኛን ጎማ የሚጠግነው ደረጀ?»

«እሱ። እናቱ ያቺን ስትሰማ በር ልትከፍትለት ትነሳለች። እዚያ ኪዮስክ ውስጥ፣ እናንተ ባለፋችሁ ቁጥር።»

ረዳቱ ወደ ሾፌሩ ሄደ፤ በመስኮት እጁን አስገብቶ ፍላሹን ከቴፑ ነቅሎ አወጣው። ሾፌሩ «ምን ሆነሃል?» ሲለው «የደረጀ ነው» አለው። ወረቀቱን ያነበበ ሰው አልነበረም።

በየቀኑ ሄዱ። እግራቸው እያበጠ ሄዱ። ከዚያ በኋላ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ ረዳቶቹ ራሳቸው ለአዲስ መጭው ይነግሩ ጀመር። ዛሬም ሩቅ ቦታ፣ መገናኛም ይሁን መርካቶ፣ ዘፈኑ አልፎ አልፎ ይሰማል ይላሉ። ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ግን አይሰማም። በዚያ መስመር የሚሠራ ሚኒባስ አይከፍተውም።

አንድ እሁድ እትዬ አስካለ የደረጀ እናት በር ላይ ቆሙና «መልሻለሁ» አሏት። እሷም እንደዚያን ቀን ሁለት እጇን ዘረጋች።

እንግዲህ እሳቸው ሲሞቱ ድንኳኑ ተተከለ። ሰው መጣ፤ ረዳቶቹ ሳይቀሩ መጡ። ነገር ግን ማን ያውጣ? ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ጀመረችና «ደግ ነበሩ» ብላ ራሷ አፈረች። ዝም ተባለ። እትዬ አስካለ ለሁሉም ያለቀሱበት ድንኳን ውስጥ ለእሳቸው የሚያለቅስ አፍ ጠፋ። ያን ዝምታ መቼም አልረሳውም።

ከዚያ የደረጀ እናት ተነሳች። መሃል ላይ ቆመች። አፏጨች።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። መጨረሻዋ ወደ ላይ ወጣች።

ማንም «ለምን?» አላለም። የእሷ ነው። ለፈለገችው መስጠት ትችላለች። እሷ ደግሞ ለእትዬ አስካለ ሰጠችው። እኛም ያኔ ሁላችን አንድ ላይ ጮኸን፤ እኔም ጮኽኩ። ረዳቶቹ ውጭ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

ይህን ጻፊ ያለችኝ ማህሌት ናት። ከማረፋቸው በፊት ታመው ተኝተው ሳለ ለእትዬ አስካለም ይህንኑ ነግሬያቸው ነበር። የሚጠጡትን አጥሚት ይዤላቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ምን ብዬ እጽፋለሁ?» አልኳቸው።

«ደግ ነበረች እንዳትይ» አሉኝ።

«እሺ።»

«ያደረግኩትን ብቻ በይ። ጥፋትም ካለብኝ በይው። ስትጨርሺ ስምሽን ጻፊበት።»

«እኔ ማን ነኝና?» አልኩ፤ እንደ ልማዴ ድምፄ አልወጣም።

ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የተኙ መስሎኝ ብርጭቆውን አንስቼ ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ጽጌ! ማን ነው የጻፈው ሲሉሽ፣ እኔ ነኝ በይ። ጮክ ብለሽ።»